በግድግዳው ላይ ያሉት አምስት የሒሳብ ቁጥሮች፦ ቅጽበታዊው ብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት የሚፈተንበት ቦታ

ከብሔራዊ ትያትር ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲኬድ፣ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ በቆሙበት ሰንጋ ተራ፣ ብዙ ጊዜ ምሳ የምበላባት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ከሒሳብ ተቀባይዋ ወንበር በስተጀርባ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ተለጥፏል፤ በላዩ የንግድ ባንክ፣ የአዋሽ፣ የአቢሲኒያና የዳሸን የሒሳብ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ተጽፈዋል፤ ከሁሉም ሥር የቴሌብር ቁጥር አለ። ተመጋቢው ሊከፍል ሲቆም ቀድማ የምትጠይቀው «ከየትኛው ነው የሚልኩት?» ብላ ነው። ደንበኛው ከዝርዝሩ ውስጥ የራሱን ባንክ ካገኘ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይልካል፣ ስልኩን አዙሮ ያሳያታል፤ እርሷም የራሷን ስልክ አንሥታ መልእክቱ እስኪገባ ትጠብቃለች። ካላገኘ ግን አብሮት የበላውን ጓደኛውን ይጠራል፣ አለዚያም ኪሱን ይዳብሳል።

አምስቱን ሒሳቦች ያስከፈታት የደንበኞቿ ምርጫ እንጂ የእርሷ ፍላጎት አይደለም። ማታ ሥራ ሲያበቃ የቀኑን ገቢ ለማወቅ አምስት ቦታ ገብታ ትደምራለች፤ በማግስቱ ዘይትና ሽንኩርት ለሚያመጣላት ነጋዴ ለመክፈል ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተነውን ገንዘብ ወደ አንድ ሒሳብ መሰብሰብ አለባት። ይህ ጊዜና ድካም በየትኛውም የባንክ ሪፖርት ውስጥ አይታይም፤ የአገሪቱ የክፍያ ሥርዓት እስካሁን የት ላይ እንደተሰነጠቀ የሚያሳየው ግን ይኸው ነው። በአንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ወዲያውኑ መዘዋወር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያስቸገረው ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

በ2018 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ ባንኮችን በክፍያ የሚያገናኘው ድርጅት የኢትዮስዊች ብሔራዊ ቅጽበታዊ የክፍያ ሥርዓት የተሠራው ለዚህ መሻገሪያ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ባንኮች፣ ማይክሮፋይናንስ ተቋማትና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሰጪዎች በአንድ መረብ ላይ ተገናኝተው፣ የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ በማንኛውም ሰዓት፣ በእሑድም ሆነ በበዓል ቀን፣ በሰከንዶች ውስጥ ገንዘብ እንዲያደርስ ማስቻል ነው። ስለ ሥርዓቱ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ፍጥነቱ ነው። በበኩሌ ሥርዓቱ የሚወድቀውም የሚቆመውም በሌላ ነገር ይመስለኛል፦ ክፍያው መሃል መንገድ ላይ ሲቀር ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ መልስ እንደሚሰጥና ለአገልግሎቱ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በመወሰኑ።

እዚህ የተደረሰው በአንድ ዝላይ አይደለም። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 የሕግ መሠረቱን ጣለ፤ በዚያው ዘመን ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ትልልቅ ክፍያዎች በኤሌክትሮኒክስ የሚያወራርድበትን ሥርዓት ሥራ አስጀመረ። በባንኮቹና በብሔራዊ ባንክ የጋራ ባለቤትነት የተቋቋመው ኢትዮስዊች በ2008 ዓ.ም. የኤቲኤም ማሽኖችን አገናኘ፤ ከዚያ በፊት በአብዛኛው የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን አይሠራም ነበር። በመስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩና በጥሬ ገንዘብ አያያዝ ላይ ገደብ ሲጣል ብዙ ሰው ወደ ባንክ ገባ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ቴሌብር ተጀመረ፣ አዋጁ በ2015 ተሻሽሎ የውጭ ባለሀብቶች በዘርፉ እንዲሠማሩ ተፈቀደ፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ ተከተለ። የቴሌብር ተጠቃሚዎች ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሁሉም በየፊናው አደገ፤ በዚህም ምክንያት በምግብ ቤቷ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት እየረዘመ ሄደ።

አሠራሩን ለመረዳት መልእክትንና ገንዘብን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ተመጋቢ ሒሳቡ በአንድ ባንክ፣ የምግብ ቤቷ ሒሳብ በሌላ ባንክ ነው እንበል። ደንበኛው «ላክ» ሲል የእርሱ ባንክ በቂ ገንዘብ መኖሩን አይቶ ከሒሳቡ ይቀንሳል፤ ከዚያም ለማዕከላዊው ስዊች፣ ማለትም ተቋማቱን ለሚያገናኘው የጋራ ማዕከል፣ «ይህን ያህል ብር ለዚህ ሒሳብ» የሚል መልእክት ይልካል። ስዊቹ መልእክቱን ወደ ተቀባዩ ባንክ ያሳልፋል፣ ተቀባዩ ባንክ ሒሳቡ መኖሩንና ክፍት መሆኑን አረጋግጦ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ያ መልስ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለላኪው ባንክ ይደርሳል። ለተመጋቢውና ለሒሳብ ተቀባይዋ ነገሩ በዚህ ተጠናቋል። በሁለቱ ባንኮች መካከል ግን እስካሁን አንድ ሳንቲም አልተላለፈም፤ የተላለፈው ቃል ነው። ተቀባዩ ባንክ ለደንበኛው የሰጠው ከራሱ ገንዘብ ሲሆን፣ በምላሹም ከላኪው ባንክ ላይ ዕዳ ይዟል።

ይህ ዕዳ የሚከፈልበትን መንገድ አገሮች በተለያየ መልክ አበጅተውታል። የሕንዱ ቅጽበታዊ የክፍያ ሥርዓት ዩፒአይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው፣ የባንኮቹን የእርስ በርስ ዕዳ እያቻቻለ በቀን ውስጥ በተወሰኑ ዙሮች የሚተርፈውን ልዩነት ብቻ ያወራርዳል። የብራዚሉ አቻው ፒክስ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የተዘረጋው፣ ባንኮች አስቀድመው በማዕከላዊ ባንኩ ዘንድ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ እያንዳንዱን ክፍያ በየሰከንዱ ያወራርዳል። የመጀመሪያው መንገድ ለባንኮች ይቀልላል፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ሥራ ፈቶ እንዲቀመጥ አያስገድድም፤ ሁለተኛው ደግሞ ማንም ባንክ የማንንም ዕዳ ይዞ እንዳያድር ያደርጋል።

ልዩነቱ የሚታወቀው በበዓል ሰሞን ነው። የፋሲካን ሳምንት እንውሰድ። ስቅለት ዝግ ነው፣ ቅዳሜ የበግ፣ የዶሮና የቅቤ ገበያው የሚደምቅበት ቀን ነው፣ እሑድም ዝግ ነው። በእነዚህ ቀናት ሰዉ ሌሊትና ቀን እየተላላከ፣ የባንኮቹ የመጨረሻ የሒሳብ ማወራረጃ ግን በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቢሆን፣ ደንበኞቹ ከሚቀበሉት ይልቅ የሚልኩት የበዛ አንድ ባንክ ዕዳው ለቀናት ይከማቻል። ይህ አደጋ እንዳይሰፋ ለየባንኩ ጣሪያ ይበጅለታል ወይም ቅድመ ተቀማጭ ይጠየቃል፤ ጣሪያው ሲነካ የዚያ ባንክ ደንበኞች ዝውውር መመለስ ይጀምራል። ደንበኛው በስልኩ ላይ የሚያየው «አልተሳካም» የሚለውን ብቻ ሲሆን፣ ጥፋቱ የኔትወርክ ይሁን የባንኩ ገንዘብ ማነስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሌሊትና ቀን የሚሠራ የክፍያ መረብ ከኋላው ሌሊትና ቀን የሚሠራ፣ ወይም ቢያንስ የበዓል ቀናትን አስቦ የተዘጋጀ፣ የማወራረጃ ሥርዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ ሲነገር የምሰማው እጅግ ጥቂት ነው፤ ደረቅ ርዕስ ስለሆነ ይሆናል፣ ነገር ግን የሥርዓቱ ወገብ ያለው እዚያ ነው።

ሁለተኛው፣ ለተጠቃሚው ይበልጥ የሚቀርበው ችግር፣ በተለምዶ «ተቆርጦ አልደረሰም» የምንለው ነው። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ፋርማሲ ለእናቴ መድኃኒት ስገዛ ደርሶብኛል። ገንዘቡ ከሒሳቤ ወጣ፣ የማረጋገጫ መልእክቱ ደረሰኝ፤ ፋርማሲስቷ ግን ስልኳን ደጋግማ አይታ «አልገባም እኮ ወንድሜ» አለች። መድኃኒቱ ለማታ የሚፈለግ ስለነበር ለዘመድ ደውዬ ጥሬ ገንዘብ አስመጣሁና ሁለተኛ ከፈልኩ። በማግስቱ ወደ ባንኬ ስሄድ «ከእኛ ወጥቷል» ተባልኩ፤ ወደ ተቀባዩ ባንክ ስሄድ «ወደ እኛ አልገባም» ተባልኩ። ገንዘቡ የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ።

ሁለቱም ሠራተኞች የነገሩኝ እውነት መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁ። ከላይ በገለጽኩት ጉዞ ውስጥ መልሱ በጊዜው ካልተመለሰ ላኪው ባንክ ሁለት ነገር ሊጠረጥር ይችላል፦ ወይ መልእክቱ ከነጭራሹ አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ገንዘቡ ገብቶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሳያጣራ ለደንበኛው ቢመልስና ነገሩ ሁለተኛው ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ስለዚህ ገንዘቡን በመሃል አንጠልጥሎ ይጠብቃል። በደንብ የተሠራ ሥርዓት ላኪው ባንክ «ያ ክፍያ ምን ደረሰ?» ብሎ ስዊቹን ወዲያውኑ የሚጠይቅበት መንገድ ያበጃል፣ ለመልሱም የጊዜ ወሰን ያስቀምጣል፤ በደንብ ያልተሠራው ጉዳዩን ለሒሳብ አስታራቂ ሠራተኞችና ለወረቀት ይተወዋል። እኔ ዘጠኝ ቀን የጠበቅሁት ይህን ነው።

የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ያወጣው መመሪያ ለእኛ ብዙ ትምህርት አለው። በዩፒአይ ከሰው ወደ ሰው የተላከ ገንዘብ ከላኪው ተቀንሶ ለተቀባዩ ካልደረሰ፣ ቢዘገይ እስከ ማግስቱ ድረስ በራሱ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ጥፋተኛው ባንክ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን 100 ሩፒ ለደንበኛው ይከፍላል። ለነጋዴ የተከፈለ ሲሆን ቀነ ገደቡ አምስት ቀን ነው። ዋናው ቁም ነገር ደንበኛው አቤቱታ ባያቀርብም ክፍያው የሚገባው መሆኑ ነው። መመሪያው የማጣራቱን ሸክም ከደንበኛው ጫንቃ ላይ አንሥቶ ማጣራት ለሚችለው ለባንኩ ሰጠው። ቀኑ በረዘመ ቁጥር ባንኩ ስለሚከስር፣ ሥርዓቱን ለማስተካከል የራሱ ምክንያት አለው። ለእኛ ብሔራዊ ባንክ ከቴክኖሎጂው ሁሉ በፊት የምመኘው ተመሳሳይ መመሪያ ነው፤ ማስከፈሉ በሚያስታውቅ መጠን፣ በግልጽ አማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፎ በየቅርንጫፉ የሚለጠፍ።

ማረጋገጫ የሚባለው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በከተማችን ብዙ ነጋዴ የክፍያ ማስረጃ አድርጎ የሚቀበለው የደንበኛውን ስክሪንሾት ነው፤ ስክሪንሾት ግን በስልክ ላይ በቀላሉ የሚቀናበር ምስል ነው። በፒያሳና በመርካቶ ሱቆች ውስጥ በተቀናበረ ምስል ዕቃ ተሰጥቶ ባዶ እጁን የቀረ ነጋዴ ታሪክ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የችግሩ ምንጭ ማስረጃው ከከፋዩ ወገን መምጣቱ ነው። በትክክለኛ አሠራር «ደረሰህ» የሚለው ቃል ለነጋዴው መምጣት ያለበት ከራሱ ባንክ ነው፤ ከፋዩም ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ማየት አለበት። ለዚህ አንድ ወጥ ብሔራዊ የኪውአር ኮድ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ነጋዴዋ የምትለጥፈው አንድ ምልክት ሲሆን ከፋዩ ከየትኛውም መተግበሪያ ያነበዋል፣ ቁጥር መሳሳትም ይቀራል። ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ደግሞ በኮከብና በመሰላል የሚደወለው አጭር ቁጥር እኩል መሥራት አለበት፤ አለዚያ «ብሔራዊ» የሚለው ስም አይገባውም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሳካው ትልልቆቹ ተቋማት በሙሉ ልብ ከገቡበት ብቻ ነው። ብዙ ደንበኛ ያለው ተቋም ለሌሎች በሩን በመክፈቱ ወዲያው የሚያገኘው ጥቅም አይታየውም፤ ደንበኛው ሁሉ እርሱ ዘንድ ከሆነ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል፣ ተቀማጭም ሆኖ ያገለግለዋል። ሚያዝያ 16 ቀን 2015 በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ሥራው በዋናነት የተጀመረው በቴሌብር ነበር። አሽከርካሪው የግድ ስለሆነበት ሒሳብ ከፈተ፣ ለመደውም። ይህ የሚያሳየው አስገዳጅ ውሳኔ የሰውን ልማድ በአጭር ጊዜ እንደሚቀይር ነው፤ ግዴታው በአንድ መተግበሪያ ላይ ሳይሆን በጋራ መረብ ላይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁሉንም ተቋም በአንድ ጊዜ ያሳድግ ነበር ብዬ አምናለሁ። ብራዚል ያደረገችው ይህንን ነው፦ ከ500,000 በላይ ደንበኛ ሒሳብ ያለው ማንኛውም ተቋም ፒክስን እንዲቀላቀል አስገደደች። ትንንሾቹ በፈቃዳቸው ተከተሉ። በኢትዮጵያም «ተገናኝቷል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ሌላ ተቋም የመላኪያው ቁልፍ በመተግበሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው ወይስ ከአራት ገጽ በኋላ ተደብቋል የሚለውም የተቆጣጣሪው ጉዳይ መሆን አለበት።

የዋጋው ነገር ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ወደ ሌላ ባንክ መላክ ወደ ራስ ባንክ ከመላክ የሚወደድ ከሆነ፣ ሰው ክፍያውን ለማስቀረት ሲል ከግድግዳው ላይ የራሱን ባንክ ቁጥር መፈለጉን አይተውም። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ነጋዴዎች ለዩፒአይ ምንም እንዳይከፍሉ ስላደረገች አጠቃቀሙ ከፍ ብሎ በነሐሴ 2023 በወር ከ10 ቢሊዮን ክፍያ አለፈ፤ ይሁንና ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ክርክር በባንኮቹና በመንግሥት መካከል እስካሁን አልተቋጨም። ጋና በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በኤሌክትሮኒክ ዝውውር ላይ 1.5 በመቶ ግብር ጣለች፤ በስምንት ወር ውስጥ ወደ 1 በመቶ ዝቅ አደረገችው፣ በ2025 ፈጽሞ አነሣችው። የጋናን ታሪክ የማነሣው የእኛም የገንዘብ ባለሥልጣናት በዲጂታል የሚያልፍ ገንዘብ በግልጽ ስለሚታይ ቀላል የግብር ምንጭ ሆኖ ሊታያቸው ስለሚችል ነው። በቡና ጠጪና በታክሲ ተሳፋሪ ክፍያ ላይ የተጨመረ ትንሽ ሸክም ሰዉን ወደ ጥሬ ገንዘብ ይመልሰዋል። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ከተሳፋሪው እጅ እስካሁን የሚወጣው ሳንቲምና የተጨማደደ ኖት ነው፤ ያንን ለመተካት የሚችለው ከዚያ የማይወደድ ነገር ብቻ ነው። ለትንንሽ ክፍያዎች ላኪው ምንም ባይከፍል፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚቀበሉ ነጋዴዎች ደግሞ ጥገናን የሚሸፍን አነስተኛ ክፍያ ቢኖር ሚዛናዊ ይመስለኛል።

ፍጥነት የሚያመጣው አንድ አደጋ አለ። በሰከንድ የሚደርስና የማይመለስ ክፍያ ለአጭበርባሪም በሰከንድ ይደርሳል። «ዕድለኛ ሆነዋል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩን» የሚለው ስልክ የእናቶቻችንንና የአባቶቻችንን ገንዘብ ሲወስድ እስካሁን ቢያንስ በአንድ ተቋም ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝበት ዕድል ነበር፤ በተያያዘ መረብ ላይ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አራት አምስት ተቋም አልፎ በጥሬው ሊወጣ ይችላል። ብራዚል ውስጥ ወንጀለኞች ሰዎችን እያገቱ በፒክስ ገንዘብ ማስላክ ሲጀምሩ፣ ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የሚላከውን በ1,000 ሪያል ገደበ፤ በዚያው ዓመት በማጭበርበር የተወሰደ ገንዘብ በተቀባዩ ባንክ ታግዶ የሚመለስበትን አሠራር አበጀ። እኛም መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የሆነውን አንረሳም፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሥርዓት ብልሽት ምክንያት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ሳምንታት ፈጅቶበታል። የአንዱ ቤት ጥፋት ወደ ሁሉም ቤት እንዳይዛመት፣ አንድን ተቋም ከመረቡ በቅጽበት የሚለይ ማቋረጫ፣ በፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተረጋገጠ የሒሳብ ባለቤትነትና ሌሊትም ስልክ የሚያነሣ የጋራ የማጭበርበር መከላከያ ክፍል ያስፈልጋል። ደንበኛ ሌሊት መላክ ከቻለ ሌሊት ማሳገድም መቻል አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ መረጃን ለሕዝብ ማውጣት ነው። ዩፒአይን የሚያስተዳድረው የሕንድ ተቋም በየወሩ ትልልቆቹን ባንኮች በስም እየጠቀሰ፣ ከእያንዳንዱ ባንክ ከተላከው ክፍያ ውስጥ በመቶኛ ስንቱ በቴክኒክ ምክንያት እንደወደቀ ያሳትማል። ኢትዮስዊች የእያንዳንዱን መልእክት መሄድና መመለስ ስለሚመዘግብ ይህ መረጃ በእጁ አለ። የወደቀውን መጠን፣ ተቆርጦ ሳይደርስ የቀረውን ብዛትና ለመመለስ የወሰደውን አማካይ ጊዜ በባንክ በባንክ ለይቶ ቢያወጣ፣ የሰንጋ ተራዋ ሒሳብ ተቀባይ ከአምስቱ ሒሳቦች የትኛውን ማቆየት እንዳለባት የምታውቅበት ነገር ታገኛለች፤ ባንኩም ስሙ ከሠንጠረዡ ግርጌ እንዳይገኝ ሲል የኮምፒውተር ክፍሉን ያጠናክራል።